የአርባዕቱን ምልዓተ ጉባኤ ለመወሰን የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 1/4

ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ነጋሪት ስለሌለን የጓደኛችን የመኪና ጥሩምባ ሦስት ጊዜ ተነፍቶ፣ ከፍራንክፈርት ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አዳራሽ ጓሮ፣ በመኪና ማቆሚያው ሜዳ ላይ፣ በኅዳር ወር፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ዝናም እየዘነመ የታወጀ።

እኛ፣ ሥዩመ ቲኬት ዘረድፍ 17፣ ባለ ወንበር 9፣ ዐቃቤ መነጽር፣ መራሔ ወረፋ፤

በዘመነ ሕፃንነታችን፣ ማለት በ1971 ዓ.ም. ገደማ፣ በአዲስ አበባ በጉለሌ ሰፈር፣ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ በአንድ ጓደኛችን አባት ሳሎን ተሰብስበን፣ በምትዞር አንዲት ሸክላ ዙሪያ ተቀምጠን፣ ቋንቋውን ሳናውቅ ቃሉን፣ ሰዎቹን ሳናውቅ ውዝዋዜያቸውን አጥንተን፣ ቦኒ ኤም የሚባሉትን አራት ዘፋኞች ከጸሎተ ሃይማኖት ባላነሰ ትጋት በቃላችን ይዘን ስለ ነበረ፤

እነዚህም አራቱ፣ ሁለቱ ከጃማይካ፣ አንዲቱ ከሞንትሴራት፣ አንዱ ከአሩባ ደሴት ተነሥተው በምዕራብ ጀርመን የተገናኙ የሰው አገር ሰዎች መሆናቸውን፣ እኛም ራሳችን የሰው አገር ሰዎች ሆነን በዚያው አገር ከከተምን በኋላ ስለ ተረዳን፤

ስሙን የማንጠራው አንድ ደጋሽ «ታላቁ ዳግም ጥምረት» የሚል ማስታወቂያ በየትራም ማቆሚያው ለጥፎ፣ በማስታወቂያውም ላይ የአራቱን ፊት በወጣትነታቸው እንደ ነበረ አሳምሮ አሳትሞ ስላየን፤ ለሁለት ሰው 138 ዩሮ ከፍለን በገባን ጊዜ ግን ከአራቱ አንዲት ብቻ በመድረኩ ቆማ፣ በቀሩት በሦስቱ ቦታ፣ ያቺ ሸክላ ስትዞር እናቶቻቸው እንኳ ያልተዳሩ ሦስት ወጣቶች ሲውረገረጉ ስላገኘን፤ ማስታወቂያውን ተመልሰን በመነጽር ብንመረምር፣ ከግርጌው፣ የጉንዳን እግር በምታህል ፊደል፣ ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዷ ብቻ እንደምትገኝ ተጽፎ ስለ ተመለከትን፤ ገንዘባችን ይመለስ ብለን ብንጠይቅም «ተጽፏል እኮ» ከማለት በቀር የሚመልስልን ስላጣን፤

ስለዚህ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። አጭር ርእስ።

ይህ አዋጅ «የጥምረት አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይቻላል።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ።

«ጓደኛችን» ማለት መኪናውን የሚነዳው ነው። «ዘፋኝቱ» ማለት በመድረኩ የነበረችው አንዲቱ ናት፤ በእርስዋ ላይ ክስ የለንም፤ የዘፈነችው በሙሉ ድምፅዋ ነውና። «ደጋሽ» ማለት ያ ሰው ነው።

አንቀጽ 3። ስለ ዳግም ጥምረት።

1. ዳግም ጥምረት ማለት አስቀድሞ ተጣምሮ የነበረ ከተለያየ በኋላ እንደ ገና ሲጣመር ነው። አራት ሆነው የተለያዩ፣ አራት ሆነው ይገናኛሉ።

2. ከዚህ በላይ የተደነገገው እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ የሰው ልጅ ሟች፣ ተጣይና ሰነፍ መሆኑ ስለሚታወቅ፣ የሚከተሉት ልዩ ሁኔታዎች ተፈቅደዋል።

(ሀ) ከአባላቱ አንዱ በሞት የተለየ እንደ ሆነ፣ ደጋሹ ከመቃብር ጠርቶ እንዲያቀርብ አይገደድም። ቦቢ ፋሬል በዲሴምበር 30 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. በሴንት ፒተርስበርግ ማረፉን እናውቃለን፤ ስለ ራስፑቲን በተዘፈነው ዘፈን ሲጨፍር የኖረው ሰው፣ ራስፑቲን በተገደለባት ከተማ፣ ራስፑቲን በተገደለበት ዕለት መሞቱ ደግሞ የደጋሹ ጥፋት አይደለም። ስለዚህ ከአራት ሦስት ቢመጡ ምልዓተ ጉባኤው እንደ ተሟላ ይቈጠራል። ሁለትና ከዚያ በላይ የጐደሉ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ዳግም ጥምረት መባሉ ቀርቶ ተዝካር ይባላል፤ በተዝካርም ሥርዓት መሠረት የመጣው ሰው ሁሉ ያለ ክፍያ ይገባል፣ እንጀራ በወጥ ይቀርብለታል፣ ጠላውም እስኪጠግብ ይቀዳለታል።

(ለ) የጐደለውን ሰው በሌላ መተካት ክልክል አይደለም፤ በይሁዳ ፈንታ ማትያስ በዕጣ መግባቱ በግብረ ሐዋርያት ተጽፏልና። ነገር ግን ከዐሥራ ሁለቱ የተተካው አንድ ብቻ መሆኑን ደጋሹ ልብ ይበል። ሐዋርያት ጴጥሮስን ብቻ አስቀርተው ዐሥራ አንዱን ከመንገድ ለቅመው ቢሆን ኖሮ፣ ወንጌል እስከዚህ ድረስ መድረሱ ያጠራጥር ነበር።

(ሐ) በመድረክ የታየ፣ በሸክላው ላይ ግን ያልተሰማ ሰው እንደ አባል ይቈጠራልን? ጥያቄው ከባድ ስለ ሆነ በዝርዝር ተደንግጓል። እንደሚታወቀው በሸክላዎቹ ላይ የዘፈኑት ከሴቶቹ ሊዝ ሚቸልና ማርሺያ ባሬት ነበሩ፤ ያ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ያለ ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ የቦቢ ፋሬል ሳይሆን ቡድኑን የመሠረተው የጀርመናዊው የፍራንክ ፋሪያን ነበረ፤ ቦቢና ሜይዚ ዊሊያምስ በመድረክ የሚታዩ እንጂ በሸክላው የሚሰሙ አልነበሩም። ስለዚህ፦

(ሐ1) ታይቶ ያልተሰማ፣ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ከጨፈረ፣ እንደ ሙሉ አባል ይቈጠራል። በዚህ ጉዳይ እኛ ገለልተኛ ዳኞች አይደለንም፤ በጉለሌ ሳሎን የሥራ ድርሻ ሲከፋፈል ድምፃችን የቁራ ነው ተብሎ፣ የሜይዚን ቦታ ይዘን አፋችንን ብቻ እንድናንቀሳቅስ ተፈርዶብን ነበርና። ያን ጊዜ ያስለቀሰን ፍርድ ከዋናው ጋር ፍጹም የተስማማ መሆኑን የሰማነው ጠጕራችን ከሸበተ በኋላ ነው።

(ሐ2) ተሰምቶ ያልታየ፣ በመንጦላዕት ውስጥ ሆኖ እንደሚቀድስ ካህን ይቈጠራል፤ አባልነቱ አይካድም፣ በማስታወቂያ ግን ፊቱ አይወጣም።

(ሐ3) ያን ጊዜ ያልታየም ያልተሰማም፣ ዛሬ ግን ለዕለት እንጀራው በመድረኩ የሚደክም ወጣት፣ አባል አይባልም። ደመወዙ ግን በሰዓቱ ይከፈለው።

(ሐ4) ያልታየ፣ ያልተሰማ፣ ያልጨፈረ፣ ገንዘቡን ግን የተቀበለ፣ እርሱ ደጋሽ ነው።

(መ) የደጋሹ ጠበቃ፣ «ዋናው ስሙ እንጂ ሰዎቹ አይደሉም፤ ስሙ ከሰዎቹ በፊት ነበረ» ብሎ ሊከራከር ይችል ይሆናል። ክርክሩ ያለ መሠረት አይደለም። ፍራንክ ፋሪያን በ1975 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሸክላ ብቻውን ሆኖ ሲያወጣ፣ ቦኒ የሚለውን ስም ከአንድ የአውስትራሊያ የቴሌቪዥን ድራማ መርማሪ ወስዶ ኤም የምትለውን ፊደል ጨምሮበት ነበር፤ አራቱ ሰዎች ለስሙ የተፈለጉት ከዚያ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ሕፃን ልጅ ስም አይወድም። ሕፃን የሚወድደው ፊት ነው፤ ደጋሹም ይህን ስለሚያውቅ በማስታወቂያው ላይ ያሳተመው ፊት ነበረ። ክርክሩ ውድቅ ሆኗል።

(ሠ) ከመዝሙረ ዳዊት 136 የተወሰደው ዘፈን በሚዘፈንበት ጊዜ ከዚህ በላይ ያሉት ድንጋጌዎች ሁሉ ለጊዜው ይታገዳሉ። ይህን ዘፈን ያዜመ ሰው ዘፋኝ ይባል ወይስ ዘማሪ፣ ሊቃውንት ይከራከሩበት። በ1970 እ.ኤ.አ. ሜሎዲያንስ የተባሉት ጃማይካውያን ሲያወጡት፣ በራስተፈሪያን ልማድ የኛን ንጉሠ ነገሥት የሚያመለክቱ ቃላት ነበሩበት፤ ቦኒ ኤም በ1978 ሲያዜሙት ግን እነዚያ ቃላት ወጥተው ነበር። ባይወጡ ኖሮ በዚያ ዘመን በጉለሌ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ባልዘፈንነው፤ ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ አራት ዓመት ሆኖ ነበርና። ያወጣቸውን ሰው ማመስገን ይገባን ወይስ መውቀስ እስከ ዛሬ አልወሰንንም። ለማንኛውም፣ በሰው አገር ወንዝ ዳር ተቀምጠው ስለሚያለቅሱ ምርኮኞች የሚናገረው ያ ዜማ በተነሣ ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ ደረሰኙን በእጁ ጨብጦ ሲያጉረመርም የቈየው ጓደኛችን ብድግ ብሎ እስከ መጨረሻው አብሮ መዝፈኑ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።

3. ይህ ድንጋጌ በዘፋኞች ላይ ብቻ ሳይሆን በተመልካቾችም ላይ የጸና ይሆናል።

ይህን ንኡስ አንቀጽ ያስገባነው እኛ አይደለንም። ረቂቁን በመኪናው ውስጥ ጮክ ብለን ስናነብ፣ ጓደኛችን እስከ ፊደል (ሠ) ድረስ ሲሥቅ ቈይቶ ዝም አለና፣ «ስማ እንጂ፣ እኛስ ዛሬ ስንት ሆነን ገባን?» ብሎ ጠየቀን።

ቈጠርን። ከአራት ሁለት። በፊደል (ሀ) መሠረት ተዝካር ነን።

በዚያ ሳሎን አራት ነበርን። አንደኛዋ፣ የሊዝን ድርሻ የምትዘፍነው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ የልጅ ልጅ ያየች ሴት ናት። ግብዣ ልከንላት፣ የባንክ ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት አያይዛ ቪዛ ጠይቃ ነበር፤ ወደ አገሯ መመለሷ ያጠራጥራል ተብሎ ተከለከለች። ስልሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበች ሴት፣ ባሏን፣ ሦስት ልጆቿን፣ የልጅ ልጇንና የዕድር ገንዘብ ያዥነቷን ትታ፣ በፍራንክፈርት ጎዳና ትጠፋለች ተብሎ ተፈራ። እሺ፣ ይሁን።

አራተኛው የሸክላው ባለቤት ልጅ ነው። ቦቢን የሚሆነው እርሱ ነበር፤ ሲሽከረከር የአባቱን የጠረጴዛ መብራት ሁለት ጊዜ ሰብሯል። በ1975 ዓ.ም. አንድ አዋጅ ወጣ፤ እንደዚህኛው የፌዝ ያልሆነ። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ሁሉ። ልጁ 18 ዓመት በሞላው በወሩ ከቀበሌ ተጠራ። እኔ ለዘፋኝ ከፊደል (ሀ) እስከ (ሠ) ልዩ ሁኔታ ስደረድር አመሸሁ፤ በዚያ አዋጅ ውስጥ ለእርሱ የሚሆን አንዲት ፊደል አልተገኘችም። ወደ ሰሜን ሄደ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሞተ የሚል አልመጣም፤ አለ የሚልም አልመጣም። እናቱ፣ መርዶ ሳልሰማ ተዝካር አላወጣም ብለው፣ ሸክላዋንም ማንም አይነካብኝ ብለው፣ ሲጠብቁት ኖረው ሞቱ። ዛሬ ያቺን ሴት ስለ መመለሷ ማስረጃ አምጪ ይሏታል። እርሱን ሲወስዱት ስለ መመለሱ ማስረጃ ስጡን ብሎ የጠየቀ ማን ነበር? ማንን ይጠይቅ? ጠይቆስ ማን ያድር ነበር?

እኔም በዚህ ዕድሜዬ፣ በዝናም፣ ስለ 138 ዩሮ አዋጅ እጽፋለሁ።

ንኡስ አንቀጽ 3 ተሠርዟል።

አንቀጽ 4። ስለ ቢራ።

ሙቅ ቢራ በቀዝቃዛ ዋጋ መሸጥ ክልክል ነው። (ማረሚያ፦ በቀዝቃዛ ቢራ ዋጋ።)

አንቀጽ 5። ስለ ስልክ።

በረድፍ 16 ያለው ሰውዬ ስልኩን ያውርድ።

አንቀጽ 6። ስለ ቅጣት።

ይህን አዋጅ የተላለፈ ደጋሽ በገንዘብ አይቀጣም። በማስታወቂያው ያሳተመውን ፊት ሁሉ አንድ በአንድ በስሙ እየጠራ፣ ይህ ሰው ዛሬ የት ነው ብሎ ለሚጠይቀው ሁሉ፣ በአዳራሹ በር ላይ ቆሞ እንዲመልስ ይገደዳል። መልሱን ካላወቀ አላውቅም ይበል፤ በጉንዳን እግር ፊደል ሳይሆን በሰው ድምፅ።

አንቀጽ 7። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ።

ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ስለማይታተም፣ በቲኬቱ ጀርባ ተጽፎ ከተፈረመበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ለአራት ሰው ፊርማ የሚሆን መስመር ተሰምሮበታል። በመጀመሪያው እኛ ፈርመናል። በሁለተኛው ጓደኛችን ወረቀቱን በመሪው ላይ አስደግፎ ፈርሟል። ሦስተኛዋ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል በስልክ ተቀስቅሳ፣ መጀመሪያ ማን ሞተ ብላ ደንግጣ፣ ቀጥሎም ዘፈኑን ዘፈኑት ወይ ብላ ጠይቃ፣ «ፈርሙልኝ» ስላለች ተፈርሞላታል። አራተኛው መስመር ክፍት ነው።