አባት እንደ አስረጂ፦ በአሞራ ገደል የተደረገ የመስክ ጥናት

የፊዚክስ ሊቁ ፍራንክ ኦፐንሃይመር፣ የአቶሚክ ቦምቡ ሰው የሮበርት ታናሽ ወንድም፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ጎብኚ ሁሉን እየነካካ የሚማርበትን ኤክስፕሎራቶሪየም ከፈቱ። አዲስ አበባም በመስከረም 2015 ዓ.ም. የሳይንስ ሙዚየሟን አስመርቃለች። ሐዋሳ ጉዳዩን ያለ ሪባን ጨርሳዋለች፤ የአሞራ ገደል የአሳ ገበያ አላት። እዚያ ጎብኚው የቀረበለትን ይነካል፤ የቀረበለትም ጎብኚውን ይነካል።

ጥናቱ የተካሄደው እሁድ ረፋድ ላይ ነው። ናሙናው አባት፣ እናት፣ አያት፣ ሁለት ልጆችና ሳይጠራ የመጣ አጎት ነው። (ያለ እንዲህ ዓይነቱ አጎት የሚደረግ የቤተሰብ ጥናት ተአማኒነት የለውም።)

በመጀመሪያ የታየው አባ ኮዳ የተባለው ወፍ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ራሱ የተመለጠ፣ የሐዋሳ ሐይቅ ዳር እንደ ጡረተኛ ዳኛ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ ይመስላል። ልጅቱ "እግሩ ለምን ነጭ ሆነ?" ብላ ጠየቀች። አባት "ዘሩ ነው" ሲሉ አብራሩ። አሳ የሚያጸዳው ልጅ ግን ቢላውን ሳያቆም፣ "ሲሞቀው እግሩ ላይ ይጸዳዳል እኮ" አለ። እውነት ነው፤ ፈሳሹ ሲተን እግሩን ያቀዘቅዝለታል፣ ነጩም የዚያ ቅሪት ነው። አባት ጥቂት አሰቡና "እሱም አለበት" አሉ።

ጥናቱ ሲቀጥል ይኸው ነገር ተደጋገመ። መሬት ላይ የተዘረጋ አምባዛ ነበር። አባት "ሞቷል፣ አትፍራ፣ ንካው" አሉት ትንሹን ልጅ። ልጁ በአንድ ጣቱ ጢሙን ነካ አደረገው። አምባዛው ጅራቱን አንስቶ መሬቱን በጥፊ መታ፤ አጎት ከልጁ ቀድመው ሮጡ። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚስብበት አካል ስላለው ከውሃ ወጥቶም ብዙ ይቆያል። አባት ይህን ሲሰሙ "እሱንማ ለማሳየት ነው ያስነካሁት" ብለዋል።

ቆሮሶ የተባለችው አሳ እንቁላሏን በአፏ ይዛ እንደምትፈለፍል፣ ጫጩቶቿም ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ እንደሚገቡ የተነገረው እናት ልጅቱን ከውሃው ዳር በክንዷ እየጎተቱ ሳሉ ነው። "ታድላ" አሉ እናት፤ "አፏ ውስጥ ሆነው ምሳ ምንድነው አይሏት።" በዕለቱ ከተሰነዘሩት ሳይንሳዊ አስተያየቶች ይህን የሚያህል አልተመዘገበም።

ስለ ሐይቁ ያለው ጥያቄ ከባድ ነው። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ በገጹ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። "ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል?" ሲባል አባት "ፀሐይ ትጠጣዋለች" አሉ። ግማሽ ነጥብ ይገባቸዋል። ነገር ግን ፀሐይ የምትጠጣው ውሃውን እንጂ ጨዉን አይደለም፤ እሷ ብቻ ብትሆን ኖሮ ሐይቁ ዛሬ ጨው ጨው ይል ነበር። ጠበብቱ ውሃው ከመሬት በታችም ሾልኮ ይወጣል የሚሉት ለዚህ ነው።

እዚያው ባሉት ጦጣዎች ዘንድ ጥናቱ አልቆየም፤ የአያትን ዳቦ ከነፌስታሉ ስለወሰዱ ናሙናው ተበተነ።

የመጨረሻው ሙከራ ምሳ ላይ ነበር። ጥብሱ ከነዳጣው፣ ሾርባውም ካለቀ በኋላ ሂሳብ መጣ። አባት "እኔ ነኝ" አሉ፤ አጎት "በሞቴ" አሉ፤ ሁለቱም የአስተናጋጁን እጅ ያዙ። እኩልና ተቃራኒ ኃይል ያረፈበት የቆመ አካል ካለበት ንቅንቅ እንደማይል ኒውተን ደንግጓል፤ አስተናጋጁም ንቅንቅ አላለም። አያት መቀነታቸውን ፈትተው ከፈሉ፣ መልሱንም ሁለቴ ቆጥረው ተቀበሉ።