ጅግራና ዶሮ በአንድ ግቢ፦ አስተዳደራዊ ዳሰሳ

ዶሮ በአገራችን በበቂ ሁኔታ የተጠናች ወፍ ናት። ብልቷ ተቆጥሮ አሥራ ሁለት መሆኑ ተረጋግጧል፤ የትኛው ብልት ለማን እንደሚወጣም ካከራከረ ቆይቷል። ጅግራ ግን ይህ ዕድል አልገጠማትም። በተለይ ከዶሮ ጋር በአንድ አጥር ውስጥ ስትኖር ማን ማንን እንደሚያስተዳድር እስካሁን የወረደ መመሪያ የለም። ይህ ጽሑፍ የሚታየውን ክፍተት ለመሙላት የቀረበ ነው።

ጥናቱ የተካሄደው በስምጥ ሸለቆ ካሉ ከተሞች በአንዱ ዳርቻ፣ በአንዲት ወይዘሮ ግቢ ነው። የናሙና አመራረጡ አመቺነትን መሠረት ያደረገ ሲሆን፣ አመቺ ያደረገውም ተመራማሪው ከግቢው ጋር አጥር የሚጋራ መሆኑና ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ መተኛት አለመቻሉ ነው። ቃለ መጠይቅ ለማድረግ ተሞክሯል። ዶሮዎቹ ጥሬ እስኪበተን ድረስ ዝምታን መርጠዋል። ጅግሮቹ ጥያቄው ሳይቀርብላቸው መልሰዋል፤ ያውም ሁሉም ባንድ ጊዜ።

በሕግ ዓይን ሁለቱ ወፎች እኩል አይደሉም። ዶሮ የቤት ናት። ጅግራን ምዕራብ አፍሪካውያን ካላመዷት ብዙ ዘመን ቢሆንም እኛ ጋ የዱር እንስሳ ናት፤ ጉዳይዋ የሚታየው በ1999 ዓ.ም. በወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ሲሆን፣ መያዟም ፈቃድ ይጠይቃል። ባለቤቲቱ ስለዚሁ ሲጠየቁ፣ «እኔ መቼ ያዝኳት? የያዘችኝ እሷ ናት እንጂ» ብለዋል። ጥያቄው በዚሁ ተዘግቷል።

ጅግራ ወደ ግቢ የምትገባው በዶሮ ዋስትና ነው። እንቁላሏ ለምትታቀፍ ዶሮ ይሰጣል፤ ዶሮዋም ቅርፊቱ ለምን እንዲህ እንደጠነከረ፣ ጫፉ ለምን እንደሾለ ሳትጠይቅ ትተኛበታለች። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል፤ የጅግራ ከ26 እስከ 28 ቀን ይፈልጋል። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱ ዓይነት እንቁላል በአንድ ቀን ከታቀፈ፣ እናት ዶሮ በ21ኛው ቀን የራሷን ጫጩቶች ይዛ ብድግ ትላለች፤ የጅግራው ፕሮጀክት ለመጠናቀቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይቋረጣል። የሚያውቁበት ሰዎች የጅግራውን ብቻ ያስታቅፋሉ፣ ወይም የዶሮውን ሳምንት ያህል ዘግይተው ይጨምራሉ። ዶሮዋ ለትርፍ ሰዓቱ የሚታሰብላት ነገር የለም። እሷም ቀኑን አትቆጥርም፤ ይህ ጠባይዋ በአሠሪዎች ዘንድ እጅግ ተወዳጅ አድርጓታል።

የጅግራው እንቁላል የራሱ እናትስ የት ሄዳ ነው? ጅግራ እንቁላሏን በየቁጥቋጦው ሥር ትደብቃለች፤ ሌሎችም እዚያው ጨምረው ይጥላሉ፤ የማን የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ክምሩ ያድጋል። ባለቤቲቱ ደርሰውበት ጠርገው ከወሰዱት ማኅበሩ መሥሪያ ቤቱን ያዛውራል፤ ጥቂት ካስቀሩለት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥላል። አንዷ ጸንታ ብትታቀፍና ብትፈለፍል እንኳ፣ ገና ያልጠኑትን ልጆቿን በማለዳ ጤዛ ረጅም ሣር ለሣር ትነዳቸዋለች። የጅግራን ጫጩት ደግሞ እርጥበትና ብርድ ቶሎ ይገድላታል። አንዷ ጅግራ ብዙ አስከትላ ወጥታ ጥቂት አስከትላ ስትመለስ ታይታለች፤ በድምፅዋ ላይ ግን የአፈጻጸም መቀነስ አልተንጸባረቀም።

በዶሮ ያደጉት ጅግሮች ክንፋቸው ሲጠና አሳዳጊ እናታቸውን ከመኖው ገንዳ አባርረዋል። ይህ ግኝት ስለ ሰው ከተካሄዱ ጥናቶች ጋር ስለሚጣጣም እዚህ አይብራራም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ኖርዌጂያዊው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤበ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳየው፣ የዶሮ ማኅበረሰብ የሚተዳደረው በመንቆር ተዋረድ ነው። አንደኛዋ ሁሉንም ትነቁራለች፤ ሁለተኛዋ ከአንደኛዋ በቀር ያሉትን፤ እንዲህ እያለ ይወርድና የመጨረሻዋ መሬት ትጭራለች። ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነው ያለ የለም፤ ግን ሁሉም ቦታውን ስለሚያውቅ ጸጥታ አለ። ጅግሮች በዚህ በተደላደለ ቤት የገቡት እንደ ግለሰብ ቢሆን ኖሮ ተነቁረው ቦታቸውን በያዙ ነበር። ጅግራ ግን የሚነቁረው በኮሚቴ ነው።

የግቢው ገብስማ አውራ ዶሮ ይህን ለመገንዘብ ጊዜ ወስዶበታል። አውራ ዶሮ ሲጣላ ወግ አለው፦ ፊት ለፊት ይቆማል፣ የአንገቱን ላባ ይነሰንሳል፣ ይዘላል፣ ወርዶ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ታዛቢ መኖሩንም ያረጋግጣል። ወንዱ ጅግራ ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለውም። ከኋላ ሮጦ መጥቶ የጭራውን ላባ በአፉ ይዞ ይነጫል፣ ሳይቆም ግቢውን ዞሮ እንደገና ይመጣል፤ ሌሎቹ ደግሞ ከዳር ሆነው ድምፅ ይሰጣሉ። ገብስማው ለመጀመሪያው ዙር ሲዘጋጅ ጅግራው ሦስተኛውን ጨርሷል። ከዚያ ወዲህ አውራው የሚጮኸው ከጓሮ ነው።

ይህን የጅግራ ኅብረት አቅልሎ ማየት አይገባም። በእኛም ደቡባዊ ቆላ የሚኖረው፣ አንገቱ እንደ ጥንብ አንሣ የተራቆተው ሌላው የጅግራ ዝርያ ኬንያ ውስጥ ተጠንቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ፣ መንጋው ቋሚ አባላት እንዳሉት፣ መንጎችም ከመረጧቸው መንጎች ጋር እየተገናኙ ሌላ ደረጃ ያለው ማኅበር እንደሚመሠርቱ ታይቷል። እንዲህ ያለው አደረጃጀት ትልቅ አንጎል ላላቸው አጥቢዎች ብቻ ሲሰጥ የኖረ ክብር ነበር። በ2020 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ የበለጠ አስደናቂ ነው፦ የበላዮቹ መኖውን ብቻቸውን ሲቆጣጠሩ፣ የተገፉት ተነሥተው መንገድ ይጀምራሉ፤ የበላዮቹም ብቻቸውን ላለመቅረት ምግቡን ትተው ይከተሏቸዋል። አጥኚዎቹ ይህን የጋራ ውሳኔ አሰጣጥ ብለውታል። ግኝቱን ከወፍ ውጭ ለማስፋት ይህ ጸሐፊ ሥልጣን የለውም።

የመረጃ ፍሰትን በተመለከተ ሁለቱ ወፎች ሰማይና ምድር ናቸው። ዶሮ ከላይ ለሚመጣ ጭልፊት አንድ ድምፅ፣ በምድር ለሚመጣ ጠላት ሌላ ድምፅ እንዳላት በሳይንስ ተረጋግጧል። በጥናቱ ግቢ ያሉት ጅግሮች ግን ዜናን በክብደት አይለዩም። እባብ፣ ቆራሌው፣ ነፋስ ያነሣው ፌስታል፣ ከመንጋው ዘግይታ የተመለሰች የራሳቸው አባል፣ ሁሉም በእኩል ጩኸት ይዘገባሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጩኸቱ ሲያይል ተመራማሪው በአጥሩ ላይ ጠየቀ፦

«እትዬ፣ ምን መጣ?»

«ምንም፤ ጀሪካኑን ከቧንቧው ወደ በሩ አዛውሬው ነው።»

«እስካሁን?»

«እስኪለምዱት ነዋ ልጄ።»

የዚህ አሠራር ውጤት አንድ ሌሊት ታየ። ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ፣ ጅግሮቹ እንደ ወትሯቸው ከግራሩ ጫፍ ነበሩ። ሸለምጥማጥ መጣ። ጅግሮቹ ጮኹ፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ፤ ሰፈሩ በሙሉ ተገላብጦ ተኛ። ጠዋት ሁለት ቄቦች ጎድለው ተገኙ። ጅግሮቹ አንድም ሳይጎድሉ ከዛፉ ወርደው መኖ ጠየቁ። ማስጠንቀቂያው በወቅቱ መሰጠቱን የሚያስተባብል ስላልተገኘ ተጠያቂ አካል አልተለየም።

ከዚህ ሌላ ጅግሮች ጠቃሚ ጎኖች አሏቸው፤ ምስጥና መዥገር ይለቅማሉ፣ እንደ ዶሮም መደብ አያተራምሱም። ወንድና ሴቱን በመልክ መለየት ያስቸግራል፤ በድምፅ ግን ቀላል ነው። ሁለት ክፍል ያለውን ጥሪ የምትጠራው ሴቷ ብቻ ናት፤ ወንዱ ዕድሜውን በሙሉ አንዱን ክፍል ይደጋግማል። ባለቤቲቱ ይህ ሲነገራቸው አልተገረሙም።

ጅግራ ከፍተኛ ባለሥልጣናትንም ቀርባ ታውቃለች። የሮማው ቄሣር ካሊጉላ ለራሱ አምላክነት በሠራው ቤተ መቅደስ ከሚሠዉለት ወፎች አንዷ እንደነበረች ሱዌቶኒየስ ጽፏል። ቄሣሩ እ.ኤ.አ. በ41 በገዛ ጠባቂዎቹ ተገደለ፤ በሁለቱ ጉዳዮች መካከል ያለው ግንኙነት ተጨማሪ ጥናት ይሻል።

ለአርቢዎች የሚቀርበው ምክረ ሐሳብ አጭር ነው። ማታ ማታ መኖውን ከቤቱ ውስጥ ማድረግና ሳይጨልም በር መዝጋት፤ ካልሆነ ጅግሮቹ ዛፉ ላይ ያድራሉ፣ ወይም ጨርሰው ይሄዳሉ። መሄዱን በሚመለከት ሰፊ ልምድ ያላት ጋና ናት። በሰሜን ጋና ለተቋቋመ የልማት ባለሥልጣን የጅግራ ርባታ 15 ሚሊዮን ያህል ሲዲ ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ወፎቹ የት እንዳሉ ሲጠየቅ፣ ወደ ጎረቤት ቡርኪና ፋሶ በረሩ የሚል ማብራሪያ መሰጠቱን የአገሩ ጋዜጦች ዘግበዋል። ብዙዎች ሳቁ። ይህ ጥናት ግን ማብራሪያውን በቅንነት መርምሮታል። ጅግራ ስትደነግጥ ካልሆነ በቀር መብረር አትወድም፤ ብትነሣም እሩቅ ሳትሄድ ታርፋለች፤ የቀረውን በእግሯ ነው። ስለዚህ መንጋው በረረ የሚለው ቃል በ«ሄደ» ቢስተካከል ሪፖርቱ ተቀባይነት ይኖረዋል። እንዲያ ያለ መንጋ ድንበር ሲሻገር ድምፁን የሰማ የጉምሩክ ሠራተኛ ግን አልተጠቀሰም፤ ምናልባት እሱም ተገላብጦ ተኝቶ ይሆናል።