የድሮ ኢሜይል ፈልጎ ያለማግኘት ዘዴ፤ ለአዋሽና ለሰመራ ቢሮዎች

የድሮ ኢሜይል ማግኘት ጣጣ አለው። የተገኘ ደብዳቤ መልስ ይፈልጋል፤ መልሱ ፊርማ፣ ፊርማው ደግሞ ተጠያቂ ያመጣል። ስለዚህ በአዋሽ ኬላ አጠገብ ቢሮ የከፈተ ትራንዚተርም ሆነ በሰመራ የክልል ቢሮ የተቀመጠ ባለሙያ፣ ኦዲተር ፊት ቆሞ «ፈልጌ አጣሁት» የሚልበት አስተማማኝ መንገድ ያስፈልገዋል። ብዙዎች በኔትወርክ ወይም በመብራት ያሳብባሉ። ደካማ ሰበብ ነው፤ መብራትም ኔትወርክም አንድ ቀን ይመለሳሉ። የማይከዳው ዘዴ ቀንን ማደናገር ነው። ለዚህ ደግሞ መድከም አያሻም፤ የለመድነውን ሳያርሙ መቀጠል ይበቃል።

ከሁሉ የሚልቀው ምክር ይህ ነው፦ ደብዳቤው አናት ላይ «ቀን» ከሚለው አጠገብ ያለውን ቁጥር እንዳለ መፈለጊያው ላይ ይገልብጡ። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር በተንቀጠቀጠ ዕለት የተላከ ሪፖርት ተፈለገ እንበል። ጂሜይል «አፍተር» ወይም «ቢፎር» ከሚሉት ትእዛዞች ቀጥሎ መጀመሪያ ዓመቱን፣ ከዚያ ወሩን፣ ከዚያ ቀኑን ይቀበላል፤ እርስዎም 2017/4/26 ብለው ያስገባሉ። ሳጥኑ አይከራከርዎትም። እየመራ የፈረንጆቹ ኤፕሪል 26 ቀን 2017 ላይ፣ ማለትም ሚያዝያ 18 ቀን 2009 ላይ ያደርስዎታል፤ ከመንቀጥቀጡ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር በፊት። መጻፍ የነበረበት 2025/1/4 ነው። የዚህ ስህተት ውበቱ ዝምታው ነው። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ቀኖቻችን ከጥቂቶቹ በቀር በፈረንጁም አቆጣጠር ደህና ቀን ሆነው ይገኛሉ። የሚያጋልጡት ጳጉሜንና የጥቅምት መጨረሻ ብቻ ናቸው፤ ፈረንጅ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም፣ ፌብሩዋሪ 30ም የለውም። እንግዲህ በጳጉሜን የተጻፈ ደብዳቤ ባይፈልጉ ይመረጣል፤ የተሳሳቱ መሆንዎን ሊጠረጥሩ ይችላሉ።

የጭነት ሰነድ የሚያንቀሳቅስ ሰው ደግሞ የበለጠ ዕድለኛ ነው። በአዋሽና በሰመራ አልፎ ወደ ጋላፊ የሚወርደው መንገድ ከጭነቱ ጋር የቀን አጻጻፍም ያጓጉዛል። የጅቡቲው ወኪል እንደ ፈረንሳዮቹ ቀኑን ከወሩ ያስቀድማል፤ የአሜሪካን ልማድ ይዞ የመጣ ኮምፒውተር ወሩን ያስቀድማል፤ የእኛው መዝገብ ቤት ቀኑን አስቀድሞ በራሱ አቆጣጠር ይጽፋል። 4/1 ብሎ ከዓመቱ ጋር የተጻፈ ቀን ለአንዱ ጃንዋሪ 4፣ ለሌላው ኤፕሪል 1፣ ለሦስተኛው መስከረም 4 ነው። ወሩን በፊደል መጻፍ ይህን ሁሉ ያከስመዋልና አደራ፣ በቁጥር ብቻ ይጻፉ። ሌሊትንም አይርሱ። ያ መንቀጥቀጥ የደረሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ነው። በእኛ አነጋገር «አርብ ሌሊት» የሆነው ለኢሜይሉ ሰዓት ቅዳሜ ነው። አርብን ብቻ ከፈለጉ፣ በዚያ ሌሊት ከመንቀጥቀጡ በኋላ የተላከው ሁሉ ከእጅዎ ያመልጣል።

«ቀኑ ቢቀር በስም ወይም በቃል ይፈለጋል» የሚል ተቃዋሚ አይጠፋም። ቁም ነገር አለው፤ ሆኖም እኛም ተዘጋጅተናል። ደብዳቤ በአብዛኛው ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶ፣ በስካነር ፎቶ ተነሥቶ ነው የሚላከው፤ አያይዞ የሚልከውም ርእሱን ባዶ ይተዋል ወይም «ደብዳቤ» ብሎ ያልፋል። ያኔ የሚፈለግ ቃል ከየት ይመጣል? ስምም ቢሆን ያው ነው። አፋርኛ በራሱ የላቲን አጻጻፍ የሕዝቡን ስም በ«ኪው» ይጀምራል፤ እንግሊዝኛው በ«ኤ»። ሰመራም አንዱ ጋ «ሳማራ»፣ ሌላው ጋ «ሴሜራ» ሆና በላቲን ትጻፋለች። በአንዱ የፈለገ ሌላውን አያገኝም። ስም እንደ ጸሐፊው ሲለዋወጥ፣ ኢሜይሉ ራሱ የሚመዘግበው የመድረሻ ቀን ግን በማንም አጻጻፍ አይለወጥም። ተቃዋሚው ሳያውቀው የነገረን ይህንን ነው፤ በአካባቢው የቀረው ጠንካራ መያዣ ቀን ስለሆነ፣ መበላሸት ያለበትም እሱ ነው።

ማበላሸቱ በቁጥር ብቻ አያልቅም፤ ትውስታም ይረዳል። «ረመዳን ሊገባ ሲል የላኩልህ» ማለት ለጆሮ የተሟላ መረጃ ይመስላል። ግን የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ አሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዳን በ2012 የገባው በሚያዝያ አጋማሽ ሲሆን፣ በ2017 የካቲት 22 ላይ ነበር። ዓመቱን ካልጠሩ ፈላጊው በየወሩ ይዞራል። «በጎርፉ ጊዜ» ማለትም ጥሩ ነው፤ አዋሽ ወንዝ ክረምት በገባ ቁጥር ሊሞላ ይችላልና የነሐሴ 2012ቱ ይሁን ሌላው ማንም አይለይም። ለኦዲት ደግሞ «የ2017 ሰነድ» ይበሉ። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ሲሆን፣ ኢሜይሉ ውስጥ ግን እኩሌታው በ2024፣ እኩሌታው በ2025 ተቀምጧል። 2017 ብሎ የሚፈልግ ምን እንደሚያገኝ ከላይ አይተናል።

የሚያሰጋኝ አንድ ተቃውሞ አለ። ቀን መቀየሪያ በየስልኩ አለ፤ ላኪው በርእሱ ላይ የደብዳቤውን ቁጥር፣ የእኛን ቀንና የፈረንጁን ቀን ጎን ለጎን ቢጽፍ ይህ ሁሉ ምክር ከንቱ ይሆናል፣ የሚል ነው። እውነት ነው፤ መልስም የለኝም። ሥራው አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ያለን መከላከያ ማንም እንደማያዘው መተማመን ነው፤ የደብዳቤ ቁጥር አሰጣጥ መመሪያ ያለው ቢሮ የኢሜይል ርእስ አጻጻፍ መመሪያ ሲያወጣ እምብዛም አይታይም።

እንዲህ ያለው መመሪያ ከመጣም ሌላ መላ አለ። አሮጌውን ኢሜይል ለባልደረባ ደጋግመው ፎርዋርድ ያድርጉ፤ ለተቀባዩ የዛሬን ቀን ይዞ ይደርሰዋል፣ የመጀመሪያው ቀን ሆዱ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ዋናውን ወደ ቆሻሻ ይጣሉት፤ ጂሜይል እዚያ የገባውን ከ30 ቀን በኋላ ያጠፋዋል፣ እስከዚያውም ተራ ፍለጋ አያነሣውም። ከሁሉ የሚሻለው ግን የመሥሪያ ቤቱን ሥራ በኃላፊው የግል አካውንት መሥራት ነው። ኃላፊው ሲዛወር ፓስወርዱን ይዞት ይሄዳል፤ ጎግልም ሁለት ዓመት ያልተነካ የግል አካውንትን ሊሰርዝ እንደሚችል በ2023 እ.ኤ.አ. አስታውቋል።