የባንክ ደጋፊ በሰቆጣ

ሰቆጣ ላይ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ከልቡ የሚከታተል ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ቢገኝም ጥግ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚቀመጠው። ዲኤስቲቪ የሚያሳየው ቤት ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጢም ይላል፤ ጢም የሚለው ግን ለለንደንና ለማንቸስተር ነው። አንዱ ደፍሮ «በሌላኛው ቻናል እኮ የኛ ሊግ አለ» ሲል ባለቤቱ ሪሞቱን እንደያዘ የቤቱን ፊት ይቃኛል። «እስቲ ለአምስት ደቂቃ» ይባላል። ገና በሁለተኛው ደቂቃ ኳሷ ወደ ውጭ ስትወጣ ከኋላ ወንበር «መልሰው!» የሚል ጩኸት ይነሳል። ይመለሳል። አርሰናል በ2015፣ በ2016 እና በ2017 በተከታታይ ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ በዚህ ቤት የታየውን ትካዜ ያህል ለሥጋ ዘመድም አይታዘንም።

ለነገሩ ማንን ይደግፉ? ሰቆጣ ያለችበት ዋግ ኽምራ በዋናው ሊግ ክለብ ኖሮት አያውቅም። ለዚህ ሰፈር ቀረብ የምትለው ወልዲያ ነበረች። በ2009 ሃያ አምስት ሺህ ሰው የሚይዝ፣ አዲስ አበባን የሚያስቀና ስታዲየም ተመረቀላት። ክለቡ በ2010 ወረደ። ስታዲየሙ እዚያው አለ፤ ስታዲየም አይወርድም።

ሌሎቹን ክለቦች ደግሞ ሲያይዋቸው ግማሾቹ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ባንክ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ የጦሩ መቻል አለ። ሊጉ በ1990 አሁን ባለው መልኩ ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው መብራት ኃይል ነው። ሰቆጣ ላይ መብራት ኃይልን ደግፍ ማለት ግን ከሰው ጋር ማጣላት ነው። ጨዋታው ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ቤቱ በድንገት ሲጨልም፣ የክለቡ ስም ከየአቅጣጫው ይጠራል፤ አጠራሩ ግን የደጋፊ አይደለም።

እንግዲህ የሰቆጣ ሰው ከሊጉ ርቆ ኖረ ስንል፣ ሊጉ ራሱ ወደ ሰቆጣ መጣ። መጣ ስል በአካል አይደለም። የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ከተሰረዘ በኋላ፣ በ2013 ሊጉ ለዲኤስቲቪ ተሸጠና ክለቦቹ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ተሰብስበው፣ ሆቴል ይዘው እንዲጫወቱ ተደረገ። በሽታው ሄደ፤ መድኃኒቱ ቀረ። በ2016 ሊጉ የዞረው አዳማን፣ ድሬዳዋንና ሐዋሳን ነው። የጎንደሩ ፋሲል ከነማና ባሕር ዳር ከተማ ዓመቱን ሙሉ ሲጫወቱ የገዛ ከተማቸውን ሜዳ አልረገጡም። የጎንደር ደጋፊ በ2013 ክለቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆንም ዋንጫውን በቴሌቪዥን ነው የተሳለመው። ፋሲል ከሊጉ አልወረደም። ደጋፊው ነው ወደ ሰቆጣ የወረደው።

ከዚህ ወዲህ ሁላችንም እኩል ሆንን። ብሔራዊ ቡድኑ እንኳ ሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ሲረታ «በሜዳው» የተባለለት ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነበር፤ ሀገር ውስጥ ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም ጠፍቶ። የአዲስ አበባ ሰው ያን ቀን ስክሪን ላይ አፍጥጦ ሲጨፍር ለሚያየው ከሰቆጣ ሰው በምን ይለያል? በልምድ ይበለጥ ይሆናል።

አንድ መምህር አውቃለሁ፤ ጥግ ይዘው ከሚቀመጡት ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደጋፊ ነው። ለምን ሲባል «ደመወዜ በእሱ በኩል ነው የሚመጣው፤ በወር አንድ ቀን ያስደስተኛል፤ ሌላው ክለብ ይህንንም አያደርግ» ይላል። ንግድ ባንክ ከታችኛው ሊግ ተመልሶ የመጣበት የ2016 ውድድር ሲጀመር፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተዘጋ ሰንብቶ ነበር። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መምህሩ ውጤት የሚሰማው አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሙ እየደወለ ነበር። ወንድምየው ኳስ አይወድም፤ ለታላቁ ክብር ሲል ሰው ጠይቆ ይነግረዋል። አንድ ጊዜ «4 ለ 0 አሸንፋችኋል!» አለው። መምህሩ ሳምንቱን በሙሉ ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ፤ ኋላ ሲጣራ የሴቶቹ ቡድን ውጤት ሆኖ ተገኘ። የንግድ ባንክ ሴቶች ማሸነፍ ልማዳቸው ስለሆነ ወንድምየው አልዋሸም ማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የባንኩ ሲስተም አንድ ሌሊት ተዛንፎ፣ ሰው ከሂሳቡ በላይ ገንዘብ ሲያወጣ አደረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኤቲኤም ፊት በሌሊት ተሰለፉ። በኋላ ባንኩ ያልመለሱትን ስማቸውን ከነፎቶግራፋቸው ለጠፈ። መምህሩ ዜናውን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀና «ተከላካይ መስመራችን ድሮም አላማረኝም ነበር» አለ። ክለቡ ግን ከመቻል ጋር እስከ መጨረሻው ሳምንት ተናንቆ ዋንጫውን ወሰደ። መምህሩ ያን ለት ቤቱን ሁሉ ሻይ ጋበዘ። ጠጪዎቹ አመስግነው፣ የምን ደስታ እንደሆነ እርስ በርስ ተጠያየቁ።

ደስታው እስከ መስከረም 2017 ነው የቆየው። የታንዛኒያው ያንጋ አዲስ አበባ መጥቶ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ ዛንዚባር ላይ ደግሞ 6 ለ 0። ለዚህኛው ውጤት መምህሩ ወንድሙ ጋ አልደወለም። ወንድሙ ነው የደወለው።

በ2017 የትግራይ ክለቦች ወደ ሊጉ ተመለሱ፤ ዋንጫውን ግን ኢትዮጵያ መድን ወሰደ። አሠልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበሩ፤ በ2010 ጅማ አባ ጅፋርን፣ በ2011 መቀለ 70 እንደርታን ሻምፒዮን ያደረጉት እኚሁ ሰው። መምህሩ ይህን ሲሰማ አዲስ ሐሳብ መጣለት። ክለቡ ከከተማው ተለይቷል፤ ተጫዋቹ በየዓመቱ ማልያ ይቀይራል፤ ዋንጫው የሚከተለው አሠልጣኙን ከሆነ ሰውየውን መደገፍ ይሻላል፤ የትም ቢሄዱ መከተል ነው።

ይህን ጮክ ብሎ ሲያስረዳ ከአጠገቡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ከአበርገሌ የመጡ ናቸው፤ በድርቅ ፍየሎቻቸው አልቀውባቸዋል። አድምጠው ሲጨርሱ ወደ እሱ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ አሸነፈ የምትለው መድን ለሞተ ፍየል ይከፍላል?»

«የለም አባባ፣ ይሄ የኳሱ ነው።»

«ተወው እንግዲያ፤ ያን አርሰናል አምጣው።»

«እሱስ ይከፍላል እንዴ?»

«አይከፍልም፤ እሱ ግን ቃል አልገባም» አሉና ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ።