የልጆች ሜኑ

ለእኔ ጉዞው አገር ቤት መግባት ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ለተወለዱት ልጆቼ ግን ውጭ አገር መሄድ ነው። ይህ የገባኝ በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ካዛንቺስ መሃል ምሳ ፍለጋ ስንንከራተት ነው።

የምፈልገው አንዲት ሽሮ ቤት ነበር። ልጅ ሳለሁ እማዬ ደሞዝ በተቀበለች ቀን እዚያ ታበላኝ ነበር። ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት መፍረሱን፣ ብዙው ሰው ገላን ጉራ መግባቱን ሰምቻለሁ፤ ግን የሰማ ሁሉ አያምንም። ሰፊው የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሜ «በሯ እዚህ ጋ ነበር» አልኩ። የሰባት ዓመቱ ወንዱ ልጄ ቦታውን አየና «ዳዲ፣ ይሄ እኮ የመብራት እንጨት ነው» አለኝ። ብረት ነው፤ አላረምኩትም።

ቀጥሎ «ካዛንቺስ ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዴት ደስ አለኝ! ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ያሠራቸው ቤቶች «ካዛ ኢንቺስ» ይባሉ እንደነበር፣ «ካዛ» ቤት፣ «ኢንቺስ» ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ስም ምህጻር እንደሆነ፣ የእኛ ሰው አጣብቆ ካዛንቺስ እንዳደረገው ተነተንኩለት። በጥሞና አዳምጦ ሲያበቃ፦

«እንግዲያው ፒዛ አለ» አለ።

አብራን ያለችው እማዬ ፍልሰታ ይዛለች። ወንዱ ፒዛ፣ ባለቤቴ ንጹሕ መጸዳጃ ያለበት ቤት፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ደግሞ ስልኳ ላይ ብዙ ኮከብ ያገኘ ቤት ይፈልጋሉ። እዚያው ቅርብ ባለው አፍሪካ አዳራሽ በ1955 ዓ.ም. የ32 አገሮች ተወካዮች አንድ ቻርተር ላይ ተስማምተዋል። እኛ አምስት ሰዎች ምሳ ላይ መስማማት አቃተን።

ዝናቡ ገላገለን። መውረድ ሲጀምር ፊት ለፊታችን ያለው ምግብ ቤት ዘው አልን።

«የልጆች ሜኑ አላችሁ?» አለች ባለቤቴ።

አስተናጋጇ ልጆቹን አየቻቸው፣ መልሳ እኛን። «ጥርስ አላቸው አይደል?» አለች። ዝም አልን። በያይነቱና ተጋቢኖ አዘዝን።

ተጋቢኖው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ መጣ። ልጁ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ፤ «ሳይበስል አመጡት!» በያይነቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ፤ ሴት ልጄ የራሷ ሳህን ጠየቀች። እማዬ «እዚሁ አብረን እንበላለን እንጂ ምን በድለንሽ ነው?» ብላ ክፉኛ አዘነች።

በዚህ መሃል ጎረቤት ጠረጴዛ የተቀመጡ፣ በስልሳዎቹ የሚገመቱ ነጠላ የለበሱ እናት ከራሳቸው ትሪ ጠቅልለው ብድግ አሉ። «የእኔ እናት፣ እስቲ አፍሽን» ብለው ልጄ ላይ ቆሙ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «የማታውቂው ሰው የሰጠሽን እንዳትቀበዪ» እያልን ነው ያሳደግናት። ዞር ብላ አየችኝ።

«ታውቃቸዋለህ?»

«አላውቃቸውም።»

«ታዲያ?»

መልስ ከየት ላምጣ? ሴትዮዋ በሱፍ ፍትፍት የራሰ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። እማዬ በክርኗ ጎሰመችኝ። «ብዪ በቃ» አልኩ። በላች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ተከተለ። ወንዱ ልጅ ሳይጠሩት ሄዶ ሴትዮዋ አጠገብ ቆመ፤ ተጋቢኖውን ጭምር ከእሳቸው እጅ በላ። ያ ሁሉ የእኔ ልመና ያላስከፈተው አፍ ነው። ስንወጣ ሁለቱንም ጉንጫቸውን ስመው፣ ስማቸውን እንኳ ሳይነግሩን ወደ ትሪያቸው ተመለሱ።

አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ነን። ትንሹ ልጄ ምግብ ቤት በገባን ቁጥር ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ዞሮ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። እስካሁን ያጎረሰው የለም።