ሁሉም ይግባ!

ሆሳዕና ውስጥ ሠርግ ላይ ስልክ ከኪስ ሲወጣ አንድ ትእዛዝ ይሰማል፦ «ሁሉም ይግባ!» ሙሽሮቹ ይገባሉ፣ ሚዜዎቹ ይገባሉ፣ ድንኳኑ ከነካስማው ይገባል፣ መንገድ ዳር የቆመችው ባጃጅ ትገባለች። የመብራት ምሰሶው ደግሞ ማንም ሳይጠራው ይገባና የሙሽራው አናት ላይ ይበቅላል። እንግዳን ማስተናገድ ባህላችን ነው፤ ችግሩ ፎቶው ላይ ያልተጠራውም መስተናገዱ ነው።

አንሺው ሁሉንም ላስገባ ብሎ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ሙሽሮቹ የክብሪት እንጨት ያክላሉ። ፎቶው ለሙሽሪት እናት ይታያል።

«ልጄ የታለች?»

«እትዬ፣ እዚህች ጋ ናት፤ ቆይ ላጉላልዎት።»

አንሺው በእግሩ ሊቀርበው የሚገባውን በጣቱ ያቀርበዋል።

አንድ ሰው ብቻውን ሲነሣ ደግሞ ፊቱን ዒላማ አድርገን ልክ መሃል ላይ እንተኩሳለን። ከአናቱ በላይ ግማሽ ፎቶ ሰማይ ይሆናል፤ ለበዓል የተገዛው አዲስ ጫማ ከቁርጭምጭሚት ጋር ተቆርጦ ይቀራል። ስልኩ ላይ ምስሉን 9 ቦታ የሚከፍሉ መስመሮች አሉ፤ ዋናውን ነገር መስመሮቹ የሚገናኙበት ላይ ብታስቀምጡት ፎቶው ይተነፍሳል። ነገሩ የስልክ ኩባንያ ፈጠራ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ቶማስ ስሚዝ ምስልን ሦስት ቦታ ስለ መክፈል የጻፈው በ1797 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ግን መስመሮቹን የምናውቃቸው በስሕተት ነክተናቸው ሲወጡ ነው፤ «ስልኬ ተሰነጠቀ!» ብለን እንደነግጣለን።

ዱራሜ አጠገብ ሀምበሪቾ ተራራ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። 777ቱን ደረጃ ወጥቶ፣ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ የቆመ ሰው የሚያነሣው የራሱን ፊት ነው። የፊት ካሜራ በክንድ ርቀት ሲያዝ የቀረበውን ያገዝፋልና አፍንጫው ከተራራው ይበልጣል። የከምባታ ምድር በአንድ ጆሮ ሥር ትንሽ አረንጓዴ ሆና ትታያለች። መኝታ ቤቱ ሆኖ ቢነሣስ ምን ይቀርበት ነበር? ከታች ሆኖ ደረጃውን የሚወጣ ጓደኛውን ቢያነሣ ኖሮ ደረጃዎቹ ራሳቸው ዓይንን እየመሩ ጫፍ ያደርሱት ነበር።

መስከረም ላይ በሀዲያ የዘመን መለወጫ በዓል በያሆዴ ምሽት እሳት ሲለኮስ የስልክ ፍላሽ በአራቱም ማዕዘን ይብለጨለጫል። የፍላሹ ብርሃን ከጥቂት ሜትር አያልፍም፤ ስለዚህ ከፊት የቆመውን ሰውዬ ማጅራት በቅጡ ያበራል፣ የቀረው ጨለማ ነው። ፍላሹን አጥፍቶ እሳቱን ሳይሆን በእሳቱ ብርሃን የቀላውን የልጆቹን ፊት ማንሣት ምንም ወጪ የለውም።

«ሁሉም ይግባ» ማለት በአንድ ወቅት ምክንያት ነበረው። አንድ ፊልም ቢበዛ 36 ፎቶ ያነሣ ስለነበር ዘመድ አዝማድ ባንዴ መጠቅለል ነበረበት። ዛሬ ስልኩ ሺህ ይይዛል፤ ቁጠባው ግን አልለቀቀንም። ከመጫን በፊት አራቱን ጠርዞች ማየት፣ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን፤ ሌላ ጥበብ አያስፈልግም። ከፎቶው ቀረሁ ብሎ ቅር የሚለው አጎት ካለ ለብቻው አንሡት። አሳትሞ ሳሎኑ የሚሰቅለውም ያንኑ ነው።