ጉማሬዋ መንገድ እስክትለቅ

ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ከጸበል አምጣልኝ አያመልጥም። አክስቴ ጉልበቷን ባመማት ቁጥር መድኃኒቷ ደብረ ማርያም ነው፤ ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት አፍ አጠገብ ያለችው ደሴት። «ማልደህ ሂድ፤ ሳልቀምስ ነው የምጠብቅህ» አለችኝ። ታኅሣሥ ነው፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የሞተር ጀልባው ሰው እስኪሞላ ማን ይጠብቃል ብዬ የአንድ ሽማግሌ ታንኳ ላይ ወጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይሄ ነው።

ታንኳ፣ ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ የታሰረ ደንገል ነው። የሚሸከማችሁ ደንገሉ ራሱ ስለሚንሳፈፍ እንጂ ውሃ ስለማያስገባ አይደለም። እናም መሐል ሳንደርስ ሱሪዬ ከኋላ በኩል ርሶ አለቀ። ሽማግሌው ከፍ ያለ ነዶ ላይ ተቀምጠው ይቀዝፋሉ። ድንገት መቅዘፊያውን አነሱ።

«አባባ፣ ምነው ቆሙ?»

«ዝም በል ልጄ፤ ባለቤቷ መጥታለች።»

ከፊታችን ሁለት ጆሮዎች ብቅ ብለው ውሃቸውን አራገፉ፤ ቀጥሎ አፍንጫ፣ ከዚያ እፍ የሚል ከባድ ትንፋሽ። አጠገቧ ግልገሏ አለ። ጉማሬ ማታ ሣር ስትግጥ አድራ ቀን ውሃ ውስጥ ነው የምትውለው፤ ግልገል ካላት ደግሞ አጠገቧ ማለፍ አይሞከርም። ወደ ኋላ ቀዝፈን ደንገሉ ውስጥ ተሸሸግን። መንገዱን እስክትለቅልን ፀሐይ ወጥታ ሞቀች።

ያን ያህል ጊዜ ከደንገል ሥር ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ክንፉን እያርገበገበ አየር ላይ ቆመ፤ ተወርውሮ ገባና የያዛትን ዓሣ ግንድ ላይ እየደበደበ ዋጣት። ከላያችን አመድማ ባለ ረጅም አንገት ወፎች እየጮኹ በሰልፍ አለፉ። ሰሜን አውሮፓ በረዶ ሲውጠው ወደ ጣና ዳርቻና ወደ ፎገራ ሜዳ የሚመጡት እንግዶች ናቸው። ብርዱንም ሱሪዬንም ረሳሁ።

ሱሪዬን ያስታወሱኝ ከቅዳሴ የሚወጡ እናቶች ናቸው። ደሴቲቱ ላይ ስወርድ ውሃው በተረከዜ ይንጠባጠባል፤ ሕፃናቱ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አውልቀው «እንካ ልጄ፣ አገልድም» አሉኝ። ነጠላ አገልድሜ ጸበል ቀዳሁ፤ አክስቴም ከቀትር በኋላ ቀመሰች።

እኔን ከዚያ ወዲህ የያዘኝ የደንገሉ ነገር ነው። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ደንገሉ ግን ይቆረጣል፣ ሥፍራው ይታረሳል፤ እምቦጭ የሚባለው አረምም በሌላ ወገን ሐይቁን ይወራል። ያን ቀን እኛን የሸሸገን እኮ ወፉ የሚያጠምድበት፣ ዓሣው የሚራባበት፣ ሽማግሌው ታንኳ የሚያስሩበት ያው ደንገል ነው። ዳር ዳሩን ማረስ ትተን ለደንገሉ መሬት እንተውለት። አለዚያ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው በእኛ ይደርሳል።